የወደብ ኩርፊያ የገበሬውን የዘር ወቅት እንዳያሳልፍ

በጅቡቲ ከተማ ወደብ የሚሠራ ሰው ፊቱን አጥቁሮ ቢውል፣ ጉዳቱ ከወደቡ አጥር የማያልፍ ይመስለው ይሆናል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ከ1990 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ወዲህ ኢትዮጵያ ከውጭ አገር የምታስመጣው ዕቃ አብዛኛው የሚገባው በጅቡቲ በኩል ስለ ሆነ፣ ለጎጃምና ለአርሲ ገበሬ የሚደርሰው ማዳበሪያ አስቀድሞ የሚያልፈው በዚህች ከተማ ሠራተኞች እጅ ነው። ስለዚህ የወደብ ሠራተኛ ጠባይ የእርሻ ጉዳይ ጭምር ሆኖ ሊታይ ይገባዋል።

ማዳበሪያው በጆንያ ሳይሞላ በመርከብ ሆድ ተጭኖ ይመጣና፣ ወደቡ ላይ በ50 ኪሎ ጆንያ እየተሞላ በመኪና ወይም በባቡር ይጫናል። ከመርከብ አራጋፊው እስከ ጆንያ ሞይው፣ ከመዝጋቢው ጸሐፊ እስከ ሾፌሩ ድረስ አንዱ የሌላውን እጅ ይጠብቃል። እንዲህ ባለው ሥራ አንድ ሰው ቢያኮርፍ የሚቆመው የእርሱ ሥራ ብቻ አይደለም። ጸሐፊው ተቆጥቶ የሾፌሩን ወረቀት ቢያሳድረው ሾፌሩን ተራ ያልፈዋል፤ ተራ ያለፈው ሾፌር በጫኚው ላይ ይጮኻል፤ የተሰደበውም ጫኚ ጆንያውን እንደ ነገሩ ይወረውረዋል፤ ጆንያውም ይቀደዳል። በመጨረሻ ዕዳውን የሚከፍለው ከማንም ጋር ያልተጣላው፣ ማሳውን አርሶና አለስልሶ ደመናውን እያየ የሚጠብቀው ገበሬ ነው። ዘሩ የሚዘራበት ወቅት ካለፈ በኋላ የሚደርስ ማዳበሪያ ያለፈውን ጊዜ አይመልስለትም።

የሰው ጠባይ የሚከፋው ያለ ምክንያት እንዳልሆነ የታወቀ ነው። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባሉት ወራት የጅቡቲ ሙቀት ብዙ ጊዜ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ወደ 900 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ የሚጠብቀው ሾፌር በተራ ብዛት ይሰለቻል። በወደቡ ፈረንሳይኛ፣ ዐረብኛ፣ ሶማሊኛ፣ አፋርኛና አማርኛ ስለሚነገር፣ ቃሉን ያልሰማ ሰው የድምፁን ቁጣ ብቻ ሰምቶ ይቀየማል። በዚህም ላይ የጫት ነገር አለ። ከኢትዮጵያ በየዕለቱ የሚላከው ጫት በቀትር ግድም ከተማው እስኪገባ ድረስ ሱሰኛው በሐራራ ይነጫነጫል፤ ምርቃናው ካለፈም በኋላ ይጨፈግገዋል፤ ሌሊቱን ዱካክ ሲያስጨንቀው ያደረ ሰውም በማግሥቱ ወደ ሥራው በብሩህ ፊት አይገባም። ይህን ጫት ያመረተው የሐረርጌ ገበሬ ነው፤ በዚሁ ጫት የሚነጫነጨው እጅ ደግሞ የሌላውን ገበሬ ማዳበሪያ ይጭናል።

በ2008 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ብርቱ ድርቅ በደረሰ ጊዜ የእርዳታ እህልና ማዳበሪያ የጫኑ መርከቦች በአንድ ወቅት ወደ ጅቡቲ መጥተው፣ ማራገፊያ እስኪያገኙ ተራ ለመጠበቅ ተገደው ነበር። የዚያ መጓተት ምክንያት የሰው ጠባይ ሳይሆን የሥራው መጨናነቅ ነበር። ነገር ግን እንዲህ ያለው ቀን ለወደፊትም መምጣቱ ስለማይቀር፣ ቦታው በጠበበ ጊዜ የሰው ሆድ ደግሞ አብሮ ከጠበበ ችግሩ እጥፍ እንደሚሆን መገንዘብ ያሻል።

አንዳንዶች፣ «ደመወዝ የሚከፈለው ለጉልበት እንጂ ለፈገግታ አይደለም» ይሉ ይሆናል። እርግጥ ነው፤ የተበደለ ሠራተኛ እንዲስቅ ማንም ሊያስገድደው አይገባም። ነገር ግን ቅሬታና ኩርፊያ ይለያያሉ። ቅሬታ ነገሩን ሊያቃና ወደሚችለው ሰው ይሄዳል፤ ኩርፊያ ግን በቅርብ በተገኘው ሰው ላይ ያርፋል። ቅሬታ ሥራን ያሻሽላል፤ ኩርፊያ ሥራን ያጓትታል። ቅሬታን የማይሰማ አለቃም ኩርፊያን በገዛ እጁ ይዘራል።

ስለዚህ የአለቆች ፋንታ ለሠራተኛው ጥላና ቀዝቃዛ ውሃ ማዘጋጀት፣ ተራውን ለሁሉም በሚታይ ቦታ መለጠፍ፣ ሥራው በዘገየ ጊዜ ምክንያቱን ሳይደብቁ መንገር፣ አቤቱታንም በጊዜው ሰምቶ መልስ መስጠት ነው። የሠራተኛው ፋንታ ደግሞ የቤቱን ጠብ ከቤቱ መተው፣ ቀትር ሳይደርስ ልቡን ወደ ጫት ተራ አለመስደድ፣ ካፍ የወጣ አፋፍ መሆኑንም አስቦ አንደበቱን መግታት ነው። ይህ ሁሉ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም።

ገበሬው የወደቡን ሰው አያውቀውም፤ የወደቡም ሰው ገበሬውን አያየውም። ሁለቱን የሚያገናኛቸው ያ የ50 ኪሎ ጆንያ ነውና፣ በእጁ የገባ ሁሉ ሳይቀደድና ሳይዘገይ ሊያሳልፈው ይገባል።