ፊደላችን አያታልለን

የሠራነው ፕሮግራም የቆመበት ኤፒአይ ሲቀየር መጀመሪያ አፋችን ላይ የሚመጣው «ምን አጠፋና ነካኩት?» ነው። እኔም ከሚያማርሩት ወገን ነበርኩ። ዛሬ ግን ለውጡን ደግፌ ልከራከር ነው።

ምሳሌዬ የአፕል ቴክስትኪት ነው። በማክና በአይፎን ላይ የምንጽፍበትን ሳጥን ከውስጥ ሆኖ ጽሑፉን የሚደረድረው እሱ ነው። በድሮው አሠራር አደራደሩን በራሱ መንገድ መለወጥ የፈለገ ፕሮግራመር ሌይአውት ማናጀር የሚባለውን ክፍል «አሥረኛው ግሊፍ የት ነው ያለው?» ብሎ ይጠይቃል። ግሊፍ ማለት ስክሪን ላይ የሚሳለው የፊደሉ ቅርጽ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ቴክስትኪት 2 ግን ይህን ጥያቄ ከነጭራሹ አስቀረው። አሁን የሚሰጠን አንቀጽ የሚያህል፣ ተደርድሮ ያለቀ ቁራጭ ነው፤ የምንለውጠውንም እዚያ ላይ እንለውጣለን።

ለምን አስፈለገ? አማርኛን ብቻ ካሰብን እኮ የድሮው ምንም ችግር የለውም። «ለ» አንድ ኮድ፣ «ሉ» ሌላ ኮድ፣ እያንዳንዱም አንድ ቅርጽ አለው። ቆጥሮ መጨረስ ነው። ዓረብኛ ላይ ስንደርስ ግን ሒሳቡ ይፈርሳል። አንዱ ፊደል በቃሉ መነሻ፣ መሀልና መድረሻ ላይ መልኩን ይቀይራል። ላምና አሊፍ ሲገናኙማ ሁለቱ አንድ ቅርጽ ይሆናሉ። ታዲያ «የአሊፉ ግሊፍ የትኛው ነው?» ብንል ማን ይመልስልናል? ጉዳዩ የሩቅ አገር ጉዳይም አይደለም፤ በወሎና በሐረር በዓረብኛ ፊደል የተጻፉ የአጀሚ ጽሑፎች አሉን።

«የለፋንበት ኮድስ?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ በግሊፍ ቆጠራ ላይ የተሠራ ኮድ እንደገና መጻፍ አለበት። የድሮው በር አልተዘጋም፤ ነገር ግን ሌይአውት ማናጀሩን አንዴ ከነካነው ሳጥኑ በሙሉ ወደ ድሮው አሠራር ይመለሳል፣ በራሱም ወደ አዲሱ አይመጣም። ኮዱ ያለ ስሕተት ኮምፓይል ስለሚሆን ሳናስተውለው ልናልፍ እንችላለን። እዚህ ላይ ቅሬታ ያላቸው ሰዎች አልተሳሳቱም። ቢሆንም ጉድለቱ የአሸጋገሩ እንጂ የውሳኔው አይደለም። ለአንዳንድ ቋንቋ ብቻ እውነት የሆነ መልስ የሚሰጥ ኤፒአይ ዝም ቢል ይሻላል።

ለሲኒየር ፕሮጀክት ኤዲተር የምትሠሩ ጓደኞቼ፣ እስቲ ከማስረከባችሁ በፊት አንድ መስመር ዓረብኛ ለጥፋችሁ ሞክሩት። ከተበላሸ ጥፋቱ የዓረብኛው አይደለም። በራሳችን ፊደል ልክ ሰፍተን ሁሉም ይልበሰው ማለታችን ነው።