ፍተሻና የመንገደኛው አመኔታ

በሕዝብ ማመላለሻ ላይ የሚካሄደው ፍተሻ በጎረቤታችን በኬንያ ሕዝቡን ማስመረር ከጀመረ ዓመታት ተቆጥረዋል።

ፍተሻው ያለ ምክንያት የመጣ አለመሆኑን እንገነዘባለን። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 22 ቀን 2014 የአልሸባብ ታጣቂዎች ከማንዴራ ወደ ናይሮቢ ይጓዝ የነበረውን አውቶቡስ አስቁመው፣ ሙስሊም አይደሉም ያሏቸውን 28 መንገደኞች ለይተው ረሽነዋል።

ምሬቱ የሚመነጨው ከአፈጻጸሙ ነው። ከሰሜን ምሥራቅ የሚመጡ መንገደኞች በየኬላው ከአውቶቡስ ወርደው መታወቂያ ያሳያሉ። ከእነርሱም የሶማሌ ተወላጅ የሆኑት ኬንያውያን በዘራቸው እንደሚጠረጠሩና ጉቦ እንደሚጠየቁ ደጋግመው አቤት ብለዋል። በጉቦ የሚከፈት ኬላ ደግሞ ለፈንጂም ይከፈታል።

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 21 ቀን 2015 በኤል ዋክ አቅራቢያ ታጣቂዎች ሌላ አውቶቡስ ባጠቁ ጊዜ፣ ሙስሊሞቹ መንገደኞች ከክርስቲያኖቹ ተለዩ ቢባሉ እምቢ አሉ፤ ሴቶቹም ሻሻቸውን ለክርስቲያን እኅቶቻቸው አከናነቡ። በጥቃቱ የቆሰለው መምህር ሳላህ ፋራህ በጃንዋሪ 2016 ሕይወቱ አለፈ። በየኬላው የሚጠረጠሩት ወገኖች በዚያን ዕለት የመንገደኛው ጋሻ ሆኑ።

ስለዚህ ፈታሹ ሻንጣውን አጥብቆ ይፈትሽ፤ የባለሻንጣውን ክብር ግን አይንካ። መንገደኛው ያየውን የሚነግረው ለሚያምነው ወታደር ነውና።