«ተሠራጨ» ለማን?





በየመሥሪያ ቤታችን ሪፖርት ውስጥ «ማዳበሪያ ተሠራጨ፤ ሀብት ተከፋፈለ» የሚሉት ቃላት እጅግ በዝተዋል። እኔም ሪፖርት ጸሐፊ ነኝና ጥፋቱ የኔም ነው።

የስታቲስቲክስ ሊቃውንት ሥርጭት ሲሉ ዕቃው ከመጋዘን ወጣ ማለታቸው አይደለም። ለማን ስንት እንደ ደረሰ፥ በብዙውና በጥቂቱ መካከልም ያለው ርቀት ምን ያህል እንደ ሆነ ማለታቸው ነው። ኮራዶ ጂኒ የተባለው ኢጣሊያዊ በ1912 እ.ኤ.አ. ያወጣው መለኪያ ይህንኑ ርቀት ከ0 እስከ 1 ባለው ቁጥር ያሳያል፤ 0 ፍጹም እኩልነት ነው።

ለምሳሌ ያህል ለ200 ገበሬዎች 100 ኩንታል ማዳበሪያ መጣ እንበል። አማካዩ ለያንዳንዱ 50 ኪሎ ነው። ነገር ግን 20 ሰዎች ብቻቸውን 60 ኩንታል ቢወስዱ፥ ለቀሩት 180 ገበሬዎች በነፍስ ወከፍ የሚደርሳቸው 22 ኪሎ ያህል ነው። ሪፖርቱ ግን በሁለቱም መንገድ «100 ኩንታል ተሠራጨ» ይላል። አልዋሸም፤ እውነቱንም አልተናገረም። ሐዲያና ከምባታ ሕዝቡ ተጠጋግቶ የሰፈረበት፥ የብዙው ገበሬ ማሳ ከእንሰቱ ጓሮ ርቆ የማይሄድበት አገር ስለ ሆነ፥ የጎደለችው ጥቂት ኪሎ የልጆች ቀለብ ናት።

በከተማም እንዲሁ ነው። ከ20 ዓመታት በላይ ብዙ ወጣቶች ከዚህ ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄደዋል፤ የሚልኩትም ገንዘብ በሆሳዕና ብዙ ቤት አሠርቷል። በዚህ የተነሣ አማካይ ገቢ ከፍ አለ ቢባል፥ ልጁን በመንገድ ላይ ያጣው ጎረቤት ከዚያ አማካይ ምን ደረሰው?

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 89 ሀብት በፍትሕ እንዲከፋፈል የማድረግን ኃላፊነት ለመንግሥት ሰጥቷል፤ የክልሎችንም ድጎማ የሚወስነው በአንቀጽ 62 መሠረት የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። ነገር ግን የምክር ቤቱ ቀመር የሚያካፍለው በክልልና በክልል መካከል ነው። በአንድ ቀበሌ ውስጥ ከቤት እስከ ቤት ያለውን ልዩነት ሊያሳይ የሚችለው የኛው ሪፖርት ነው።

ስለዚህ «ተሠራጨ» ከሚለው ቃል በታች ሁለት መሥመር ብንጨምርስ? አንደኛው፥ ስንት ሰው ደረሰው፥ ስንትስ ሳይደርሰው ቀረ። ሁለተኛው፥ ብዙ ያገኘው ስንት አገኘ፥ ጥቂት ያገኘውስ ስንት። ተጨማሪ ድካም ነው የሚል ቢኖር፥ የተቀባዮቹ ስምና ፊርማ በመዝገብ ላይ ስላለ የቀረው መደመር ብቻ ነው።

ድግስ ተደገሰ ማለት ሁሉ ጠገበ ማለት አይደለም።

ከሰላምታ ጋር፤
አንድ የመንግሥት ሠራተኛ፥ ከሆሳዕና