ባዶ እጅ፣ ሙሉ ሪፖርት

መቼም ስለ ትምህርት ጥራት የማይናገር ሰው በአገራችን አይገኝም። ሹሙ ይናገራል፣ ወላጁ ይናገራል፣ ታክሲ ውስጥ አጠገባችን የተቀመጠው ሰው ይናገራል። በተለይ በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተቀመጡት ውስጥ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ከተሰማ ወዲህ፣ በዓመቱም 3.2 በመቶ ሆኖ ከተደገመ ወዲህ፣ አገሩ ሁሉ አንድ ጥያቄ ይዟል፤ «ጥፋተኛው ማነው?» ጥያቄው ሳያልቅ መልሱ ይመጣል። መምህሩ ነዋ! አያነብም፣ አይዘጋጅም፣ ሙያውን አይወድም። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት እንግዲህ ይኼ ነው።

እኔ ደግሞ ሌላ ጥያቄ አለኝ። ይህን ሰው ክፍል ውስጥ ስናስገባው በእጁ ምን ሰጠነው?

ጥያቄውን አዲስ አበባ ላይ ተቀምጦ መመለስ አይቻልም። ከደሴ ተነሥቶ በጉጉፍቱ ብርድ፣ በአቀስታ በኩል አድርጎ ወደ 180 ኪሎ ሜትር መጓዝ፣ መካነ ሰላም መድረስ፣ ከዚያም ከዋናው መንገድ ወጥቶ ወደ ቦረና፣ ወደ ወግዲ፣ ወደ ሳይንት ገጠር ቀበሌዎች መግባት ያስፈልጋል። እዚያ ያለው መምህር የሥራ መሣሪያ ምንድን ነው ቢሉ፣ ጠመኔና ጉሮሮ ነው። ጠመኔውም አንዳንዴ ያልቃል። ሐኪም ያለ መድኃኒት አላዳነም ብለን አንከስሰውም፤ ገበሬም ያለ በሬ አላረሰም ብለን አንወቅሰውም። መምህሩን ግን ያለ መጽሐፍ አላስተማረም ብለን እንወቅሰዋለን።

«የለም፣ ተሰጥቶታል እኮ» የሚሉኝ አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ብዙ ተሰጥቷል ተብሏል። እስቲ የተሰጠውን አንድ በአንድ እንየው።

በ1997 ዓ.ም. ፕላዝማ ተሰጠ። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የተዘጋጀ ትምህርት በሳተላይት ወርዶ በእንግሊዝኛ ይንቆረቆር ጀመር። መምህሩ የጥቂት ደቂቃ መግቢያና መዝጊያ ተፈቀደለት፤ በመካከሉ ጥግ ይዞ ይቆማል። ተማሪው ያልገባውን ልጠይቅ ቢል ቴሌቪዥን አይጠየቅ ነገር፤ መምህሩ ላስረዳ ቢል ስክሪኑ አይጠብቀው ነገር። መብራት በሌለበት ደግሞ ጄኔሬተሩ ነዳጅ ሲያጣ ትምህርቱም ያበቃል። እንግዲህ ይህ ለመምህሩ የተሰጠ መሣሪያ ነው ወይስ መምህሩን የተካ መሣሪያ? ሐሳቡ ክፉ ነበር አልልም። ነገር ግን ያኔ «ለሥራህ ምን ይረዳሃል?» ተብሎ የተጠየቀ መምህር ቢኖር፣ ጥግ ይዤ ልቁም የሚል መልስ አይሰጥም ነበር።

በ2001 ዓ.ም. የአጠቃላይ ትምህርት ጥራት ማሻሻያ ፕሮግራም ተጀመረ። ፍትሐዊ እንሁን፤ መጽሐፍ በሚሊዮኖች ታትሟል፣ ለትምህርት ቤቶችም የድጎማ ገንዘብ ወርዷል። ከዚያ በኋላ አዲስ ሥርዓተ ትምህርት መጣ። በ2015 ዓ.ም. በታችኞቹ ክፍሎች፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በሁለተኛ ደረጃ ሥራ ላይ ዋለ። የድሮው መጽሐፍ ተሻረ፤ የአዲሱ ኅትመት ዘገየ። መምህሩ «ሶፍት ኮፒውን አውርድ» ተባለ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ!

ይህቺን «አውርድ» የምትባል ቃል ልብ ብላችሁልኛል? ከተማ ውስጥ ቀላል ቃል ናት። መንደሩ መብራት ለሌለው፣ ስልኩን ቻርጅ ለማድረግ የገበያ ቀን ለሚጠብቅ፣ የወር ደመወዙን በጤፍ ዋጋ ለሚያሰላ ሰው ግን ትእዛዝ ብቻ ሳትሆን ወጪም ናት። ዋይፋይ ያለው ቢሮ ውስጥ የተቀመጠው ሰው «በቴሌግራም ልከናል» ብሎ ሪፖርቱን ይዘጋል፤ የዳታውን ሂሳብ የሚከፍለው መምህሩ ነው። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ክልሉ ወደ ጦርነት ሲገባ ደግሞ የሞባይል ኢንተርኔቱም ለረዥም ወራት ተቋረጠ። ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ከዚያ በፊት በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደቡብ ወሎን ሲያዳርስ የተዘረፉት ትምህርት ቤቶች ገና አላገገሙም ነበር። የታተመ መጽሐፍ ኔትወርክ ሲጠፋ አይጠፋም። ይህን ለማወቅ ሊቅ መሆን አይጠይቅም።

ሁለተኛው መልስ «መርጃ መሣሪያ ከአካባቢህ ቁሳቁስ ሥራ» የሚለው ነው። በደርግ ዘመን በየአውራጃው የፔዳጎጂ ማዕከል የሚባል ነበር፤ ከጭቃ፣ ከእንጨት፣ ከካርቶን የሚሠራ ነገር ሁሉ ይሠራበታል። ስሙ ዛሬም በየትምህርት ቤቱ በር ላይ ተጽፎ ይታያል። ሐሳቡን እወደዋለሁ። እንዲያውም የወሎ ሰው ይህን ከማንም ቀድሞ ያውቀዋል። የቆሎ ተማሪው ከቆዳ ብራና ፍቆ፣ ከጥላሸት ቀለም በጥብጦ፣ ከመቃ ብዕር ቀርጾ ነው የተማረው። የቁርአን ተማሪውም እንጨቱን ጠርቦ ሎህ አድርጎ፣ ጽፎ፣ አጥቦ፣ ደግሞ ጽፎ ነው የወጣው። ጥንታዊቷ ተድባበ ማርያም ባለችበት አገር ከአካባቢ ቁሳቁስ መማርን ለሕዝቡ ሊያስተምር የሚነሣ ባለሙያ ትንሽ ሊያፍር ይገባዋል።

ግን ልብ በሉ! የኔታም ሆኑ ሼኩ ባዶ እጃቸውን አልነበሩም። መጽሐፉ በቃላቸው ነበር፤ ከመምህር ወደ መምህር የተላለፈ፣ የተፈተነ፣ የተሟላ። ጭቃውና እንጨቱ የመጽሐፉ ማደሪያ እንጂ የመጽሐፉ ምትክ አልነበረም። እኛ ግን ለመምህሩ እንጨቱን አሳይተነው መጽሐፉን ነፈግነው።

አንድ ምሳሌ ልስጥ። ከመካነ ሰላም ብዙም ሳይርቅ የቦረና ሳይንት ብሔራዊ ፓርክ አለ፤ የአገሩ ሰው ደንቆሮ ጫካ የሚለው። ቀይ ቀበሮ አለበት፣ ጭላዳ አለበት፣ ጅብራ አለበት። ለባዮሎጂ መምህር ከዚህ የበለጠ ቤተ ሙከራ ከየት ይመጣል? ተመራማሪዎች እየሄዱ አጥንተውታል፤ ጥናቱ ግን በእንግሊዝኛ ተጽፎ በጆርናል ታትሞ፣ ለጸሐፊው የደረጃ እድገት አስገኝቶ ተቀምጧል። ለስድስተኛ ክፍል መምህር «ልጆቹን ይዘህ ስትሄድ ይህን አሳያቸው፣ ይህን ጠይቃቸው» የሚል ሃያ ገጽ በአማርኛ ቢጻፍለት ምን ይጎድላል? መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ እዚያው መካነ ሰላም ላይ ካምፓስ አለው። ዩኒቨርሲቲ ለአካባቢው ምን ይጠቅማል ለሚል ሰው፣ እነዚያ ሃያ ገጾች ከብዙ ዐውደ ጥናት የተሻለ መልስ ናቸው።

ሦስተኛውን ነገር ለመናገር ትንሽ ድፍረት ይጠይቃል። መጽሐፉ የደረሰበት ትምህርት ቤትም አለ። ደርሶ ግን የት ነው ያለው? ዕቃ ግምጃ ቤት! እንበልና አንዲት መምህርት የሳይንስ መርጃ ፈልጋ ወደ ንብረት ክፍሉ ሄደች።

«ጋሼ፣ ያ በካርቶን የመጣው መጽሐፍ አንዱን ቢሰጡኝ?»

«መምህርት፣ በሞዴል 19 ገቢ ሆኗል፤ በሞዴል 22 ካልወጣ አልሰጥም። ቢጠፋ ከእኔ ደመወዝ ነው የሚቆረጠው።»

«እዚሁ ሆኜ ገልበጥ ገልበጥ አድርጌ ልመልሰውስ?»

«አብሽሪ፣ የኔ ልጅ። ዳይሬክተሩ ይፈርምና ትወስጃለሽ።»

ዳይሬክተሩ ስብሰባ ሄዷል። እኒህ ሰው ክፉ አይደሉም። ሕጉ ለጠፋው መጽሐፍ ይጠይቃቸዋል፤ ላልተነበበው ግን ማንም አይጠይቃቸውም። ስለዚህ መጽሐፉ በሰላም ይቀመጣል። ምስጥ ይበላዋል እንጂ ልጅ አይነካውም። ምስጥ የበላው በኮሚቴ ይወገዳል፤ ልጅ የቀደደው ግን ዕዳ ነው።

እዚህ ላይ የመቅደላ ነገር ትዝ ይለኛል። ከዚሁ ከምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ ነው የተወሰደው። አፄ ቴዎድሮስ ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ያሰባሰቧቸው መጻሕፍት በ1860 ዓ.ም. ሲዘረፉ፣ ምርኮውን ለማጓጓዝ 15 ዝሆንና 200 ያህል በቅሎ እንዳስፈለገ ይነገራል። ወደ 350 የሚሆኑ የብራና መጻሕፍት ብሪቲሽ ሙዚየም ገቡ፤ ዛሬ ብሪቲሽ ላይብረሪ ናቸው። እንዲመለሱ እንጠይቃለን፤ ተገቢም ነው። ነገር ግን መጽሐፉን የለንደን መዝገብ ሲቆልፍበት ዘረፋ ብለን፣ የራሳችን መዝገብ ሲቆልፍበት ንብረት አያያዝ ካልን፣ ቴዎድሮስ መጽሐፍ የሰበሰቡት ለምን እንደሆነ አልገባንም ማለት ነው።

ሪፖርቱ ግን ሁልጊዜ ሙሉ ነው። መምህሩ በዓመት 60 ሰዓት ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ መውሰድ አለበት፤ ስለዚህ 60 ሰዓት ተሞልቶ ይፈረማል። ፎልደሩ ይወፍራል። ያን ፎልደር የሚያክል ንባብ ቢሰጠው ኖሮ ሙያው በተሻሻለ ነበር። ምን ያንብብ? የሚያነበው ነገር ሳይሰጡት «ምን አነበብክ?» ብሎ ቅጽ ማስሞላት፣ ዘር ሳይሰጡ አዝመራ መቁጠር ነው።

ድህነት ነው፣ ምን ይደረግ የሚለኝ እንዳለ አውቃለሁ። ድህነቱን አልክድም። ይሁንና ይህችው አገር፣ ዛሬ ካለችበት ሁኔታ በማይሻል ድህነት፣ በ1971 ዓ.ም. በጀመረችው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በሂደት በ15 ቋንቋዎች መማሪያ አትማ ገጠር ለገጠር አድርሳለች። የዚያን መንግሥት ሌላውን ሥራውን ለሌላ ቀን እናቆየው። ቁም ነገሩ፣ መጽሐፉ መድረስ አለበት የተባለ ዕለት ደርሷል። ከዚያም በኋላ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ የተባሉ የላይብረሪ ባለሙያ በሐዋሳ የልጆች መጽሐፍ በአህያ ጋሪ እያስጎተቱ ለልጅ አድርሰዋል። አህያ ደግሞ በቦረናም በሳይንትም አልጠፋችም።

ታዲያ ምን ይሁን? ትልቅ ነገር አልጠይቅም። አንደኛ፣ ሥርዓተ ትምህርት ሲለወጥ የመምህሩ መምሪያ ታትሞ እጁ ሳይገባ ትምህርት አይጀመር። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ሁለተኛ፣ መጽሐፍ ከቋሚ ንብረት ጋር መቆጠሩ ይቅር። እንደ ጠመኔ አላቂ ዕቃ ይሁን፤ ያለቀው መጽሐፍ የተነበበ መጽሐፍ ነውና ግምጃ ቤቱ በመጨረሳቸው ይመስገን። ሦስተኛ፣ የካምፓሱ ቤተ መጻሕፍት ቅዳሜ ቅዳሜ ለአካባቢው መምህራን ይከፈት፤ የገበያ ቀን ከተማ የሚመጣ መምህር ከጨውና ከሳሙና ጋር መጽሐፍ ተውሶ ይመለስ። አራተኛ፣ በየጉድኝት ማዕከሉ መምህራን የተሳካላቸውን ትምህርት ጽፈው ይለዋወጡ፤ ወረዳው በማባዣ ማሽን ያባዛላቸው። ለስብሰባ አበል የሚወጣው ገንዘብ ሲሶው ቢቀነስ ወረቀቱን ይገዛል።

ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ከየገጠሩ የሚመጡ ተማሪዎች ነበሩኝ። አንድ ልብ ወለድ እንኳ ሳይነኩ 12ኛ ክፍል ያለፉ ብሩህ ልጆች። ብልኅነታቸው ያስደንቀኝ ነበር፤ ያመለጣቸው ደግሞ ያሳዝነኝ ነበር። የእነሱ መምህራንም ከዚያው ከባዶው ክፍል የወጡ ናቸው። እነዚያ ተማሪዎችም ተመርቀው ወደዚያው ክፍል ተመልሰዋል፣ መምህር ሆነው። ባዶ እጅ ባዶ እጅን እየወለደ የሚሄደው እንዲህ ነው።

ስለዚህ በሚቀጥለው የፈተና ውጤት ዕለት፣ «መምህሩ ምን ነካው?» ከማለታችን በፊት፣ የግምጃ ቤቱ ቁልፍ ማን ዘንድ እንዳለ እንጠይቅ።