«ዘና ይበሉ» ስለ ማለት

በዕረፍት ወራት ወደ ሰቆጣ ከሚመለሱት ጓደኞቻችን አንዳንዶቹ ካሜራ አንግተው ይሄዳሉ፤ ሰው እያነሡም ለደብተር መግዣ የምትሆን ያህል ያገኛሉ። ይህ ደግ ነው። ነገር ግን ሲመለሱ የሚያሰሙት ወቀሳ አንድ ዓይነት ነው፤ «የዋግ ሰው ፎቶግራፍ ሲነሣ እንደ ግንድ ይደርቃል፤ ዘና ይበሉ ቢባል አይሰማም።» እኛ ግን ጥፋቱ የተነሺው ሳይሆን የአንሺው ነው እንላለን።

እስቲ እናስበው። ብዙ ሽማግሌ ከዚህ ቀደም የተነሡት ለመታወቂያ ብቻ ነው። ያን ጊዜ «አይንቀሳቀሱ፥ አይሣቁ» ተባሉ። ዛሬ ደግሞ አንድ ጐረምሳ ከፊታቸው ተገትሮ «ይሣቁ እንጂ!» ይላቸዋል። ማንን ይመኑ?

ከዚህ የከበደም አለ። በ1977 ዓ.ም. ጥቅምት ወር መሐመድ አሚን ኮረም ላይ ያነሣው ፊልም በቢ.ቢ.ሲ. ታይቶ ዓለምን አስለቀሰ፤ ብዙ እርዳታም አስገኘ። ይህን አንክድም። ሆኖም ከዋግ ጭምር ወደዚያ የተሰደደው ሕዝብ ለዓለም የታየው በችግሩ ቀን፥ አብዛኛውም ያለ ስም ነው። ታዲያ የዚያ አገር ሰው ባማረበት ቀን፥ ቀጥ ብሎ መታየት ቢሻ ይፈረድበታልን?

ስለዚህ ካሜራው ከከረጢቱ ሳይወጣ ሰላምታ ይቅደም፤ ኽምጣና የሚያውቅ በኽምጣና ያናግር። ቡና ከቀረበ ይጠጣ። «ነጠላዬን ለውጬ ልምጣ» የሚሉ እናት ቢኖሩ ይጠበቁ፤ ማጣደፍ ነውር ነው። የቀትር ፀሐይ በዚያ ደጋ ዓይን ያስጨፍናልና ከበሩ ጥላ ሥር፥ ፊታቸውን ወደ ብርሃን መልሰው ቢቀመጡ ይሻላል። አንሺውም አብሮ ይቀመጥ፤ ከላይ ቆሞ የሚያፈጥበት ሰው ሲኖር ማን ይዝናናል? ስልክን ከአፍንጫ ሥር መደቀን ደግሞ አፍንጫን ያገዝፋል፤ ሁለት እርምጃ ራቅ ማለት ለሁለቱም ይበጃል።

ብዙውን ጊዜ መድረሻ የሚያጣው እጅ ነው። ለሽማግሌው በትራቸውን፥ ለካህኑ መስቀላቸውን፥ ለፈታይዋ እንዝርቷን ብንተውላቸው እጅ ሥራውን ያውቃል፤ ትከሻም ይላላል። ፈገግታው ከመጣ መጣ፤ ጥርስ ያልታየበት ሥዕል ሁሉ የኀዘን ነው ያለ ማነው?

ደግሞ ሥዕሉ ይታተምና ይድረሳቸው። አምና «እልክልዎታለሁ» ብሎ የቀረ ተማሪ ካለ፥ ዘንድሮ የሚሄደው ጓደኛው የሚጠብቀው የደረቀ ፊት የእርሱ ሥራ ነው።