ስለ ካርታ ምትሐት

ቤተ ሰብን ደስ ከሚያሰኙት ጨዋታዎች አንዱ ያለ መሰናዶ የሚሠራ የካርታ ምትሐት ነው። እኛም አንድ ቪዲዮ ከኢንተርኔት ወደ ስልካችን አውርደን፥ እያቆምንና እየመለስን ተመልክተን ተማርነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። 52ቱ ካርታ ከተበወዘ በኋላ ከሁሉ በታች ያለችውን ሳያስታውቁ አይቶ በልብ መያዝ ያሻል። ተመልካቹ አንዲት ካርታ መርጦ ካየ በኋላ ከሁሉ በላይ ያኖራታል። ከመካከል ተከፍሎ የታችኛው እኩሌታ በላይኛው ላይ ሲደረብ፥ በልብ የያዝናት ካርታ እርሱ ከመረጣት በላይ ታርፋለች። እንግዲህ ከላይ ጀምሮ አንድ በአንድ ሲገለጥ፥ ከያዝናት ቀጥላ የምትመጣው እርሷ ናት።

ነገር ግን አንዱን ምትሐት በአንድ ሰው ፊት መደጋገም አይገባም። ታናሽ ልጃችን «ይድገሙልኝ» ቢለን ደገምን፤ በሦስተኛው ጊዜ ዓይናችን ወደ ታች ሲወርድ አይቶ፥ «አባባ፥ ሌላውንም ነገር እንዲህ እያታለሉ ነውን የሚነግሩኝ?» ሲል ጠየቀን። እጅግ አፈርን፤ ወዲያውም ምሥጢሩን ገልጠን አስተማርነው።

እንግሊዛዊው ሬጂናልድ ስኮትም በፈረንጆች አቈጣጠር በ1584 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ የካርታን ምትሐት የገለጠው፥ የእጅ ቅልጥፍና ጥንቈላ እንዳይባል ነበር። ስለዚህ ለሣቅ እንጂ ገንዘብ ለተያዘበት ጨዋታ ከቶ አይዋል።