ቤት የሚጣፍጠው ስንት ቀን ነው?

ባለፈው ሰሞን ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አንዷን ሦስት ጊዜ ደጋግሜ አነበብኳት። የጻፋት የ24 ዓመት ልጅ ነው፤ ከእናቱ ጋር ሁለት ክፍል የቀበሌ ቤት ውስጥ ይኖራል። እንዲህ ይላል፦

«ከጓደኞቼ ጋር ሄጄ ባሌ ተራራ ላይ ስድስት ቀን ከረምኩ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ሌሊት ሌሊት ድንኳን ውስጥ ጥርሴ እየተንገጫገጨ የእናቴን ሽሮ ሳስብ ነበር የማድረው። ስመለስ አቅፌያት አልለቅ አልኩ። ሽሮዋን እንባዬ እየመጣ ነው የበላሁት ብልሽ አታምኚኝም። ቤታችን ቤተ መንግሥት መሰለኝ። ይሄ ሁሉ ታዲያ ለሦስት ቀን ነው። በአራተኛው ቀን ‹ጨው በዝቶበታል፣ ይሄ ይበላል?› ብዬ ጮህኩባት። ምንም አላለችም። ሳህኑን አንስታ ወደ ጓዳ ገባች። ይኸው ሳምንት አለፈ፤ ቀና ብላ አታየኝም። ተለውጬ የመጣሁ መስሎኝ ነበር እኮ! ምን ዓይነት ሰው ነኝ?»

እውነቱን ልንገርህ ወንድሜ፣ መጀመሪያ ላይ ሳቅሁ። ሽሮ እያለቀሱ መብላት! ኋላ ግን ሳህኑን አንስተው የገቡት እናትህ ዓይኔ ላይ መጡብኝና ሳቄ ጠፋ። እናት ስትቆጣ ይሻላል። ዝም ያለች ቀን ነው መፍራት።

ይሁን እንጂ ያንተ ነገር ያንተ ብቻ አይደለም። የዘንድሮ የአዲስ አበባ ወጣት ቅዳሜና እሁድ ሲመጣ ከተማው አልይዘው ብሏል። ወንጪ ነው፣ ላንጋኖ ነው፣ አርባ ምንጭ ነው፤ ብር ያጠራቀመ ደግሞ ባሌ ነው። ሲመለስ የሚለውም አንድ ነው፦ «ኧረ አልጋዬ! ኧረ ቤቴ!» በሳምንቱስ? በሳምንቱማ «ይሄ ቤት ደበረኝ» ይመጣል፤ ቀጣዩ ጉዞ የት እንደሆነ መጠያየቅ ይጀመራል።

ፈረንጆቹም ይህን ነገር አጥንተውታል። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ አንድ ጥናት 1,530 የኔዘርላንድ ሰዎችን ጠይቆ ነበር። ለሽርሽር የሚሄዱት ሰዎች ከመሄዳቸው በፊት ከማይሄዱት የበለጠ ደስተኞች ሆነው ተገኙ። ማለሙ፣ ጓዝ መሸከፉ ነው ለካ ደስ የሚያሰኘው! ከተመለሱ በኋላ ግን አብዛኞቹ ከቤቱ ንቅንቅ ካላለው ሰው አይለዩም። በጣም ዘና ያለ ዕረፍት ያሳለፉት ብቻ ለጥቂት ሳምንት ሻል ይላቸዋል። መቼም ሳነቴ ላይ ድንኳን ውስጥ ሲንዘፈዘፍ ያደረ ሰው «በጣም ዘና ካሉት» ጋር አይቆጠርም። ስለዚህ ሦስት ቀንህ የክፋት ምልክት አይደለችም። ዓይን የሚለምድ ነገር ነው፤ የለመደውን ደግሞ አያይም።

ቢሆንም ሦስቱን ቀን ያጣፈጠው ምን እንደሆነ መጠየቅ አለብህ። ብርዱ ነው ካልክ ተሳስተሃል። እኔ ባሌን በመጠኑ አውቀዋለሁና ከዚያው ልጀምርልህ።

ባለፈው ጥር አራት ሆነን ሄደን ነበር። ከመሄዴ በፊት «ቱሉ ዲምቱ ልወጣ ነው» ስል የሰማች አንዲት ጎረቤቴ «ኮንዶሚኒየም ደረሰሽ እንዴ?» ብላ እልል ልትል ምንም አልቀራት። (የአዲስ አበባ ሰው ቱሉ ዲምቱ ሲባል የሚታየው ኮንዶሚኒየሙና የፈጣን መንገዱ ነው፤ አይፈረድባትም።) የባሌው ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ከፍታ አለው። ስሙ በኦሮምኛ «ቀይ ተራራ» ማለት ነው። አዲስ አበባ በ2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናትና «እኛ ደገኞች ነን» ብሎ መኩራራት አያዋጣም። አንዷ ጓደኛችን ከመኪና ወርዳ ሃያ እርምጃ ሄደችና ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች፤ ራሷን ይዛ «ልቤ በጆሮዬ ልትወጣ ነው» ትላለች።

ውበቱንማ አንተም አይተኸዋል፤ ብዙ አላወራም። ሳነቴ ማለት ጅብራው እንደ ዘበኛ እዚህም እዚያም የቆመበት፣ ቀይ ቀበሮ በጠራራ ፀሐይ ፍልፈል የሚያደባበት አምባ ነው። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ያለው እኛ አገር ብቻ ነው፤ ትልልቆቹ ተቆጥረው 500 አይሞሉም፣ ከግማሽ በላዩ ደግሞ እዚያው ባሌ ነው። ፓርኩ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። ይገባዋል።

እኔን ከሁሉ በላይ የገረመኝ ግን ሌላ ነው። ፊንጫ ሀበራ የሚባል የዋሻ መጠለያ አለ፣ ወደ 3,500 ሜትር ከፍታ ላይ። ተመራማሪዎች ቆፍረው እ.ኤ.አ. በ2019 እንዳስታወቁት ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት ባለው ጊዜ ሰው እየተመላለሰ ኖሮበታል። ምን እየበላ መሰለህ? ፍልፈል! ያንኑ ትልቁን የባሌ ፍልፈል እየጠበሰ። እኛ «የዓለም ጫፍ ደረስን» ብለን ፎቶ የምንነሳበት ቦታ ለአንድ ሰው ምሳው የተጣደበት ቤቱ ነበር ማለት ነው። ዛሬም ያው ነው። ሩቅ የሚባለው ለሄደው ሰው እንጂ እዚያ ለሚኖረው ሩቅ አይደለም።

ሳነቴን አቋርጠህ ወደ ሐረና ደን ስትወርድ ሪራ የምትባል መንደር አለች። ጉሙ ከደኑ እየተነሣ ቤቶቹን ይውጣቸዋል። እዚያ አንድ ሌሊት በሰው ቤት አደርን። ያሳደሩን እናት ቡና ላፍላላችሁ አሉ። እሺ አልን፤ በኛ ቤት ቡና ማለት አሥር፣ አሥራ አምስት ደቂቃ ነው። ልጃቸው ጀሪካን ይዛ ወጣች። ሃያ ሊትር ጀሪካን ሲሞላ ሃያ ኪሎ ነው፤ ዳገቱን በጀርባዋ ይዛው መጣች። እሳቸው እንጨት ፈለጡ፤ እንጨቱ በጉሙ ርሶ ስለነበር ዓይናቸው እስኪቀላ እፍ አሉት። ከዚያ መታጠቡ፣ መቁላቱ፣ መውቀጡ። በመካከሉ ጭኮ በቅቤ አቀረቡልን። «ላፍላላችሁ» ካሉበት ሰዓት አንሥቶ የመጀመሪያው ሲኒ እጄ እስኪገባ ሁለት ሰዓት ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ያንን ቡና ስጠጣ የቡናው ጣዕም ብቻ አልነበረም የሚሰማኝ፤ ዳገቱም፣ ጭሱም፣ የልጅቷ ጀርባም አብሮ ነበር።

ጨዋታ ሲመጣ በመንገድ መሪያችን አስተርጓሚነት እንዲህ ሲሉ ጠየቁን፦ «እናንተ ዘንድ ውሃው ቤት ውስጥ ነው አይደል? ታድላችሁ።»

«ቤት ውስጥ ነው፣ ግን በሳምንት ሁለት ቀን ነው የሚመጣው፣ እሱም ሌሊት» አለች አንዷ ጓደኛችን።

«ሌሊት ከሆነ ማነው ታዲያ ተነሥቶ የሚቀዳው?»

ልጅቷ ትንሽ ዝም አለችና «እናቴ» አለች። ሴትየዋ ሳቅ ብለው ጀበናውን አነሡ። ምንም አልጨመሩም።

አየህ ወንድሜ፣ ሦስቱን ቀን ያጣፈጠልህ ይሄ ይመስለኛል። እዚያ ሁሉም ነገር ከነዋጋው ነው የሚታይህ። ውሃው ክብደት አለው፣ እሳቱ ጭስ አለው፣ ትኩስ ነገር ለመቅመስ አንድ ሰው ይደክማል፤ ድካሙንም ቁጭ ብለህ ታየዋለህ። ያንን ዓይን ይዘህ ቤትህ ስትገባ ሽሮው ብቻውን ሳይሆን ከነሠሪው ታየህ፣ አስለቀሰህ። በአራተኛው ቀን ዓይኑ ጠፋ። ሳህኑ እንደ ድሮው ከጓዳ በራሱ እየተራመደ የሚመጣ መሰለህ። በራሱ የሚመጣ ሳህን ላይ ደግሞ መጮህ ቀላል ነው!

ጓደኞችህ «ቀጣዩን ዳሎል እንሂድ፣ እዚያ ደግሞ የባሰ ነው» እንደሚሉህ አልጠራጠርም። ሂድ፤ አልከለክልህም። ግን ለዚህ በሽታ መድኃኒት ነው ብለህ አትሂድ። አገሩን ከዳር እስከ ዳር ያዳረሰ አንድ ሰው አውቃለሁ። ስለ አፋር ሙቀትና ስለ ኦሞ ወንዝ አፍህን አስከፍቶ ያወራሃል። እናቱ ታመው በተኙ ጊዜ ግን ቤት ውስጥ ጨው የት እንደሚቀመጥ አላወቀም ነበር፤ ጎረቤት ሄዶ ነው የጠየቀው። እንዲህ ያለው ሰው ለሦስት ቀን ጣዕም ሲል በየወሩ ከቀድሞው የራቀ ቦታ ይፈልጋል። ቤቱ እንደሆነ ሆቴል ነው፤ ልዩነቱ ሒሳብ አለመክፈሉ ብቻ ነው።

አሁን ወደ እናትህ ልምጣ። ስለ ይቅርታው ብዙ አልልህም። ስጦታ ገዝተህ አትግባ፤ ስለ ባሌም አትስበክ። ቡና ሲፈላ ቁጭ በልና «ያን ቀን ለጮህኩት ይቅርታ አድርጊልኝ» በል፤ ጉልበት ለመሳም ከደፈርክ ደግሞ የበለጠ። ከበላህ በኋላ ሳህኑን ራስህ አንሣ። ይሄ ይበቃል።

ልጠይቅህ የምፈልገው ሌላ ነው። እናትህ ከዚያ ቤት ውጪ ለመጨረሻ ጊዜ ያደሩት መቼ ነው? ልቅሶ አይቆጠርም። ሆስፒታል አይቆጠርም። አንተ ሄደህ፣ ናፍቀህ፣ ተመልሰህ ቤቱ ጣፈጠህ። እሳቸውስ? ቤቱን ቤት ያደረገው ሰው ከቤቱ ወጥቶ ስለማያውቅ «ኧረ ቤቴ!» ብሎ የመመለስ ዕድል አላገኘም። የሪራዋ እናትም እንዲሁ ናቸው፤ እንግዳው ይመጣል፣ ይሄዳል፣ እሳቸው እዚያው እሳቱ ጋ ናቸው። ስለዚህ ለቀጣዩ ጉዞ ያጠራቀምካትን ብር ለእሳቸው የአውቶቡስ ቲኬት አውላት። አገር ቤት እህት የላቸውም? ድሮ አብራቸው የተማረች ጓደኛ፣ ሊሳለሙት የሚመኙት ደብር የለም? መንገዱ ሰላም መሆኑን ከሚያውቅ ሰው አጣራና ለአንድ ሳምንት ላካቸው።

«ቤቱን ለማን ጥዬ?» ይሉሃል። አይቀርም። «ለኔ» በል። አይስቁብህም ብዬ ዋስ አልሆንም።

ያን ሳምንት ቤት ውስጥ የምታየው ነገር ሳነቴ ላይ ካየኸው አያንስም። የመብራት ካርዱ ማታ ላይ ያልቃል። ሽሮው ይያዛል። ዕድር ይጠራል፤ ሰው ሞቶ ከሆነ የእናትህን ቦታ ይዘህ ድንኳን ውስጥ ትቀመጣለህ፣ ወንበር ታመላልሳለህ። የጎረቤት ሴት «እስክመጣ ድረስ ልጄን ያዝልኝ» ትልሃለች፤ እናትህ በሳምንት ስንት ጊዜ እንደሚይዙላት ያኔ ትሰማለህ። እሳቸው በበኩላቸው በቀን ሦስት ጊዜ እየደወሉ በሩን መቆለፍህን ይጠይቁሃል፤ ቱግ አትበል።

በነገራችን ላይ ባሌ ለመሄድ ያሰባችሁ ሌሎች አንባቢዎቼም ደብዳቤ ጽፋችሁልኛል። ወፍራም ብርድ ልብስና ካልሲ ያዙ፤ በበጋ ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል። መጀመሪያ ዲንሾ ላይ አንድ ቀን እደሩና ከፍታውን ተለማመዱ፤ የደጋ አጋዘኑንም እግረ መንገዳችሁን ታያላችሁ። ጥሬ ገንዘብ ይኑራችሁ። ሰው ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት አስፈቅዱ። «አካም» እና «ገለቶማ» ማለትን ልመዱ፤ ሁለት ቃል አትከብድም። ያሳደራችሁን ሰው ደግሞ «እዚህ እንዴት ትኖራላችሁ?» ብላችሁ አትጠይቁ። አንዱ ጓደኛችን ጠይቆ «እናንተስ በዚያ ጩኸት መካከል?» ተብሏል።

አንተ ወንድሜ፣ እናትህ ከመሄዳቸው በፊት ውሃው የሚመጣበትን ቀን ጠይቀህ ጻፍ። ሰፈርህ እንደኛ ሰፈር ከሆነ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ነው የሚመጣው፤ ከሁለት ሰዓት በላይ አይቆይም። ጀሪካኖቹን ማታውኑ አጥበህ ደርድራቸው።